እምነት ይነቀፋል ወይ? ለጠየቃችሁኝ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

በጥብቅና ሙያ ከያዝኋቸው ጉዳዮች አንዱ እስከ ዛሬ ከኅሊናዬ አልጠፋም። በለቅሶ ድንኳን ውስጥ ከጎረቤቶቹ ጋር ስለ ጾም ሲከራከር «ጾማችሁ የሰው ሥርዓት እንጂ የእግዚአብሔር ትእዛዝ አይደለም» ያለ ወጣት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 492 ተከሶ ነበር። አንቀጹ የሚቀጣው የተፈቀደ ሃይማኖታዊ ሥርዓትን በአደባባይ ያወከን ወይም ያፌዘበትን፣ የአምልኮ ስፍራን፣ ሥዕልን ወይም ዕቃን ያረከሰን እንጂ በትምህርተ ሃይማኖት ላይ የተለየ ሐሳብ የሰነዘረን አለመሆኑን አስረድቼ፣ ወጣቱ በነጻ ተሰናበተ። ከችሎት ስንወጣ ግን የሟቹ ባለቤት ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ሕጉንስ አንተ ታውቃለህ፤ የባለቤቴ ሠልስት መሆኑን ግን እርሱም ያውቅ ነበር» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም።

እንዲህም ሆኖ፣ እምነት ይነቀፍ ወይ ስትሉኝ፣ ይነቀፍ እላለሁ። ነቀፋ ከባሕር ማዶ የመጣብን ነው የሚሏችሁን አትስሟቸው። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኤዎስጣቴዎስ ቅዳሜም እንደ እሑድ ይከበር ብለው ከግብፅ ከሚላኩት ጳጳሳት ትምህርት በመለየታቸው ተሰደው በአርመን ምድር ዐረፉ፤ ደቀ መዛሙርታቸውም ክህነት ተከለከሉ። በ1450 እ.ኤ.አ. ግን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በደብረ ምጥማቅ በጠሩት ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ። ቅዳሜን ሰንበት ብለው የሚያከብሩት አያታችሁ የዚያ ክርክር ወራሽ ናቸው። (እኚሁ ንጉሥ ደቂቀ እስጢፋኖስን፣ በስግደት ጉዳይ የተቃወሟቸውን የአባ እስጢፋኖስን ደቀ መዛሙርት፣ ክፉኛ ማሳደዳቸውንም አትርሱ።)

ከነቀፋ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ፣ እምነቱን የለወጠን ሰው ከዕድር ማስወጣትና ለሬሳው የመቃብር ቦታ መንፈግ ነው፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 የመረጡትን ሃይማኖት የመቀበል መብትን ሲያረጋግጥ እዚያው መንደር ውስጥ እንዲሠራ ነው።

በልጅነቴ ያስተማሩኝ የኔታ፣ የቅዱሳት መጻሕፍትን ትርጓሜ፣ አንድምታውን፣ ሲተረጉሙ አንዱን ፍቺ ጨርሰው «አንድም» ብለው ወደ ሌላው ይሻገሩ ነበር። ፍቺውን የሚቃወም ተማሪ ሲነሣ አይቆጡም፤ «በመጀመሪያ እኔ እንዳልሁት አድርገህ በልልኝ» ይሉታል። ልጁ አንዲት ቃል ከሳተ እንደ ገና ያስጀምሩታል፤ ሳይስት ሲወጣው ብቻ መቋሚያቸውን አስደግፈው ተቃውሞውን ይሰማሉ። ያንን ደንበኛዬን ጎረቤቶቹ ለምን እንደሚጾሙ እንዲነግረኝ ጠይቄው ነበር፤ ጥቂት አሰበና፣ «እርሱን እንኳ ጠይቄያቸው አላውቅም» አለኝ።