ለአነስተኛ ሳሎን የሚሆን ሰብዉፈር ስለ መምረጥ

ጤና ይስጥልኝ። አራት ኪሎ አካባቢ ባለው የኮንዶሚኒየም ቤትዎ፣ 4 ሜትር በ3.5 ሜትር በሆነ ሳሎን ውስጥ ካሉዎት ሁለት ትንንሽ ስፒከሮች ጋር የሚሠራ፣ ዋጋው የማይከብድ ሰብዉፈር (ባስ የሚባለውን ወፍራም ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ስፒከር) እንደሚፈልጉ ገልጸው፣ ባለ 8 ኢንቹ (ቁጥሩ የስፒከሩ ክብ ስፋት ነው) ይሻል እንደሆነ ወይስ ባለ 12 ኢንቹ ጠይቀዋል። እኔም የእርስዎን በሚመስል ቤት ለዓመታት ሙዚቃ ሳዳምጥ የኖርሁ በመሆኔ፣ ባለ 8 ወይም ባለ 10 ኢንች፣ የራሱ አምፕሊፋየር ያለውና ሣጥኑ ዝግ የሆነውን እንዲመርጡ እመክራለሁ።

የአየር መውጫ ቀዳዳ ያለው ሣጥን በተመሳሳይ ኃይል የበለጠ ድምፅ ስለሚያወጣ ለፊልም ይመቻል። ይሁንና በርካሽ ከተሠሩት መካከል ብዙዎቹ የባስ ጊታሩ ክር ዝም ካለ በኋላም ማጓራታቸውን ስለማያቆሙ፣ አንዱ ኖታ በሌላው ላይ ይደረባል። የተለመደው ባለ አራት ክር ባስ ጊታር ዝቅተኛው ድምፅ 41 ሄርዝ (በሴኮንድ 41 ንዝረት) ገደማ ስለሆነ፣ እስከ 40 ሄርዝ በጥራት የሚወርድ ሰብዉፈር ለአብዛኛው ሙዚቃችን ይበቃል።

መርካቶ ሲሄዱ በካርቶኑ ላይ በሺዎች የሚቆጠር ዋት ተጽፎ ቢያዩ አይመኑ፤ ፒኤምፒኦ የተባለው ቁጥር ለገበያ የሚጻፍ ነው። የሚጠይቁት አርኤምኤሱን (ሳያቋርጥ መስጠት የሚችለውን ኃይል) ይሁን፤ ለእርስዎ ሳሎን ከ50 እስከ 100 ዋት ይበቃል። የመኪና ሰብዉፈር በርካሽ ቢገኝም፣ አምፕሊፋየሩ በ12 ቮልት የሚሠራ በመሆኑ ተጨማሪ ፓወር ሰፕላይ ስለሚያስገዛዎት ይተዉት።

ከግዢው በላይ ውጤቱን የሚወስነው ግን አቀማመጡ ነው። 4 ሜትር ርቀት ባላቸው ሁለት ግድግዳዎች መካከል 43 ሄርዝ አካባቢ ያለው ድምፅ እየተመላለሰ ስለሚጎላ፣ የባስ ጊታሩ ታችኛ ኖታዎች በአንዱ ቦታ ሲያስተጋቡ በሌላው ይጠፋሉ። ስለዚህ ሰብዉፈሩን ለጊዜው እርስዎ በሚቀመጡበት ሶፋ ላይ ያድርጉትና ባሱ ወደ ላይም ወደ ታችም የሚመላለስበት ዘፈን ከፍተው፣ ጆሮዎን ወደ ወለሉ ዝቅ እያደረጉ በየግድግዳው ሥር ያዳምጡ፤ ኖታዎቹ ሁሉ በእኩል መጠን የሚሰሙበት ቦታ የሰብዉፈሩ መቀመጫ ነው። ማዕዘን ላይ ማስቀመጥ ድምፁን ስለሚያበዛው ብዙ ሰው ይወድደዋል፤ እኔ ግን ለሙዚቃ አልመርጠውም። ክሮስኦቨሩን (ከስንት ሄርዝ በታች ያለው ድምፅ ከሰብዉፈሩ እንደሚወጣ የሚወስነውን ማስተካከያ) ከ80 ሄርዝ ይጀምሩና የወንድ ዜና አንባቢ ድምፅ ከሰብዉፈሩ የሚመጣ ከመሰለዎት ዝቅ ያድርጉት። የፌዝ ማብሪያውንም (የሰብዉፈሩን ንዝረት ከስፒከሮቹ ጋር የሚያገጥመውን) በ0 እና በ180 ዲግሪ እየቀያየሩ፣ ከሶፋዎ ሆነው ባሱ ሞልቶ በሚሰማዎት ላይ ይተዉት።

የታች ጎረቤትዎን የሚረብሸው በወለሉ ኮንክሪት የሚያልፈው ንዝረት ጭምር ስለሆነ፣ ከእግሮቹ ሥር ወፍራም ጎማ ማድረግ ተገቢ ነው፤ ሆኖም ጎማው በአየር የሚሄደውን ባስ ስለማያስቀር ሲመሽ መቀነስዎ አይቀርም። ሱቅ ውስጥ ሲሞክሩም የሚያውቁትን ዘፈን በፍላሽ ይዘው ይሂዱና ድምፁን ቀንሰው ያዳምጡ፤ በዝቅተኛ ድምፅ ኖታዎቹን መለየት ካልቻሉ ሌላ ያሳዩኝ ይበሉ።

አንድ ያልገለጹልን ነገር አለ፦ አምፕሊፋየርዎ የሰብዉፈር መውጫ አለው? ከሌለው የስፒከር ሽቦ በቀጥታ የሚቀበል ሰብዉፈር ያስፈልግዎታልና፣ ከመግዛትዎ በፊት የጀርባውን ፎቶ ቢለጥፉልን አብረን እናየዋለን።