ስለ አኖድና ካቶድ ለምትማሩ ልጆቼ

«አኖድ ኔጌቲቭ፣ ካቶድ ፖዘቲቭ» ብላችሁ ሸምድዳችሁ ከሆነ ዛሬውኑ እንድትተዉት እለምናችኋለሁ። እኔም በእናንተ ዕድሜ እንዲሁ ሸምድጄ ነበር። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንድ የብረት ዕቃ በኤሌክትሪክ ኃይል በኒኬል እንድለብጥ ታዘዝኩ። አኖድ ኔጌቲቭ ነው ብዬ የኒኬሉን ሰሌዳ ከኤሌክትሪኩ ምንጭ ኔጌቲቭ ጫፍ፣ ዕቃውን ከፖዘቲቩ ጋር አገናኘሁ። ከመለበጫው ፈሳሽ ገንዳ ሳወጣው ኒኬል የሚባል አልያዘም፤ ይልቁንም ገጹ ተበልቶ ተጎድጉዷል። አኖድ የሆነው ብረቱ ራሱ ነበር፤ ወደ ፈሳሹ ሲሟሟ ቆይቷል። የዚያን ዕለት ድንጋጤ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

አኖድ ማለት ኤሌክትሮን የሚለቀቅበት ለውጥ የሚካሄድበት ቦታ ነው፤ ካቶድ ደግሞ ኤሌክትሮን የሚወሰድበት። ይህ በየትኛውም መሣሪያ አይለወጥም፤ ምልክቱ ግን ይለወጣል። በባትሪ ድንጋይ ውስጥ ዚንኩ በገዛ ራሱ ኤሌክትሮን እየለቀቀ ወደ ሽቦው ስለሚሰድ ኔጌቲቭ ነው። በመለበጫ ገንዳ ውስጥ ግን ኤሌክትሮኑን ከአኖዱ ላይ የሚስበው ከውጭ የመጣ ኃይል ስለሆነ አኖዱ ፖዘቲቭ ይሆናል። የእንግሊዙ ሳይንቲስት ማይክል ፋራዳይ በ1834 (እ.ኤ.አ.) ስሞቹን ለዓለም ሲያስተዋውቅ ከግሪክኛ የተወሰዱት ቃላት ትርጉማቸው መውጫና መውረጃ መንገድ ነበር፤ ስለ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ አንዳች አይናገሩም።

የስልክ ባትሪ ላይ ስትደርሱ ግራ መጋባታችሁ አይቀርም። ስልኩ ሲሠራ ሊቲየሙ ግራፋይቱን ትቶ ይወጣል፤ ግራፋይቱ አኖድ ነው። ቻርጅ ሲደረግ ሁሉም ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ያው ግራፋይት በትክክለኛው ትርጉም ካቶድ ይሆናል። ባትሪ ሠሪዎች ግን ምንጊዜም አኖድ ይሉታል። መጻሕፍት ሲጋጩባችሁ ያልገባን እኛ ነን ብላችሁ በራሳችሁ አትፍረዱ።

ከሁሉ የምወደው ግን ባትሪም ሽቦም የሌለበትን አኖድ ነው። ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ ሲጫር ብረቱ ይገለጣል፤ ሆኖም ቶሎ አይዝግም። እርጥበት ባለበት ዚንኩ አኖድ ሆኖ ኤሌክትሮኑን ለብረቱ ይለግሳል፤ እየተበላም ያድነዋል። የእንግሊዙ ኬሚስት ሀምፍሪ ዴቪ በ1824 (እ.ኤ.አ.) የመርከቦችን የመዳብ ልባስ ለመጠበቅ የተጠቀመው በዚሁ ዘዴ ነበር። በብዙ የውኃ ማሞቂያዎች ጋን ውስጥም የማግኒዥየም ዘንግ አለ፤ እሱ ሲያልቅ ካልተተካ ተራው የጋኑ ነው።

አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ዚንክ የተቀባ ሚስማርና የመዳብ ሽቦ ሳይነካኩ ሎሚ ላይ ሰክታችሁ በቮልቲሜትር ለኩ፤ ወደ አንድ ቮልት የሚጠጋ ታገኛላችሁ። ከዚያ ሁለቱን በሽቦ አገናኝታችሁ አሳድሩት። ጠዋት ሁለቱንም ነቅላችሁ ገጻቸውን ጎን ለጎን አስተያዩ፤ አኖዱ የትኛው እንደነበረ ማንም ሳይነግራችሁ ታውቁታላችሁ።