ለቀበሮም ለአጋዘንም አንድ ጠመንጃ

በዚህ ወር ቸርችል ጎዳና ወዳለው ቢሯችን ከደረሱት ደብዳቤዎች መካከል ሁለቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው ሰፋ ያለ መልስ ስለሚፈልግ አብዛኛውን ቦታ ለእሱ ሰጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ተወልጄ ያደግሁት አራት ኪሎ ነው። አሁን የምኖረው በሰሜን እንግሊዝ፣ ኖርዘምበርላንድ በሚባለው አካባቢ፣ አንድ የበግ እርባታ ውስጥ ተቀጥሬ ነው። ለእረፍት እናቴ ቤት መጥቼ ነው የምጽፍልዎ። በጎቹ በሚወልዱበት ወቅት ቀበሮ ግልገል ይወስድብናል። ሮ የሚባለው ትንሹ አጋዘን ደግሞ አዲስ የተተከለውን ችግኝ እየጋጠ አስቸግሮናል። የመሬቱ ባለቤት እንዳድን በጽሑፍ ፈቅዶልኛል፤ ስመለስ ለፖሊስ የጠመንጃ ፈቃድ ማመልከቻ አስገባለሁ። ለጠመንጃውና ለማነጣጠሪያ መነጽሩ 700 ፓውንድ አጠራቅሜያለሁ፤ ሁለት ጠመንጃ የመግዛት አቅም የለኝም። ጓደኞቼ «.223 ግዛ፣ ጥይቱ ርካሽ ነው፣ ለሁለቱም ይበቃሃል» ይሉኛል። እርስዎስ ምን ይመክሩኛል? ርካሽ አዲስ ይሻለኛል ወይስ ያገለገለ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንኳን ለሀገርህ አበቃህ። የጠመንጃ ጥገና ተምሬ ለብዙ ዓመታት የውጭ አዳኞችን ወደ አርሲና ባሌ ከሚወስዱ ሰዎች ጋር ሠርቻለሁ። ከእንግሊዝ የሚመጡት ጠመንጃቸውን ከሣጥን አውጥተው ሲያስፈትሹኝ ስለ ሀገራቸው አደንና ሕግ ብዙ አውርተናል። የምመልስልህ ከዚያ ልምድ ተነሥቼ ነው።

ከጠመንጃው ስም በፊት ካሊበሩን፣ ማለትም የቱቦውን ውስጣዊ ስፋት፣ እንወስን፤ እሱን ደግሞ የሚወስነው ሕጉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የእንግሊዝና የዌልስ የአጋዘን ሕግ፣ አጋዘን የሚመታበት ጠመንጃ ካሊበሩ ከ.240 ኢንች እንዳያንስ፣ ጥይቱም ከአፈሙዝ ሲወጣ ጉልበቱ ከ1,700 ፉት ፓውንድ (2,305 ጁል) እንዳይወርድ ያዛል። ከዚያ ባነሰ ጠመንጃ እንዲመቱ የተፈቀደው ሙንትጃክና የቻይና ውሃ አጋዘን የሚባሉት ሁለቱ ትንንሾች ብቻ ናቸው። .223 በካሊበሩም በጉልበቱም ከተቀመጠው ልክ በታች ነው። ስለዚህ አንተ ባለህበት አካባቢ ሮ በ.223 መምታት ወንጀል ነው።

ጓደኞችህ ግን ዝም ብለው የተናገሩ አይመስለኝም። የምትኖርበት አካባቢ ከስኮትላንድ ጋር ይዋሰናል፤ ስኮትላንድ ደግሞ የራሷ ሕግ አላት። እዚያ ቢያንስ 50 ግሬን (3 ግራም ገደማ) በሚመዝን አረር፣ ፍጥነቱና ጉልበቱ ከተሟላ፣ ሮ በ.223 ይመታል። ድንበሩን ተሻግረው የሚያድኑ ከሆነ ትክክል ናቸው፤ አንተ እንግሊዝ ውስጥ ሆነህ ምክራቸውን ብትከተል ግን ፈቃድህን ታጣለህ። ለቀበሮ እንዲህ ያለ የካሊበር ወለል የለም፤ ለአጋዘን የሚበቃው ለቀበሮም ይበቃል።

እኔ ያለማመንታት የምመክርህ .243 ዊንቸስተር ነው። ይህ ጥይት እ.ኤ.አ. በ1955 ለገበያ ሲቀርብ የተሠራው .308 የሚባለውን ሌላ ጥይት ቀለህ አንገት በማጥበብ ነው። ከቀላል እስከ 100 ግሬን (6 ግራም ተኩል ገደማ) የሚመዝን አረር ይተኩሳል፣ ትከሻ አይጎዳም፣ ጥይቱም በየሱቁ ይገኛል። ስለ 6.5 ክሪድሞር የሚነግርህ ሰው ይኖራል። መልካም ጥይት ነው፤ ዋናው ሥራህ ትልልቅ አጋዘን ቢሆን ኖሮ እሱን ባሰብኩልህ ነበር። ሥራህ ቀበሮና ሮ ሲሆን፣ በጀትህም ያገለገለ ጠመንጃ የሚፈልግ ሲሆን ግን፣ በ.243 የተሠራ ያገለገለ መሣሪያ በእንግሊዝ ሱቆች ሞልቷል።

እንግዲህ ያገለገለ ግዛ ማለቴ ነው። ርካሽ አዲስ ከነመነጽሩ በአንድ ካርቶን የሚሸጥ አለ፤ ጠመንጃው ራሱ ብዙ ጊዜ አይከፋም። የሚከፋው መነጽሩ ነው። ሲመሽ ብርሃን ያንሰዋል፣ ጥቂት ከተተኮሰበት በኋላም የተስተካከለበትን ነጥብ ይለቃል። ከ700 ፓውንዱ ግማሹን ገደማ ለጠመንጃው፣ 200ውን ያህል ለመነጽሩ፣ የቀረውን ለመነጽር ማሠሪያ ቀለበትና ለመለማመጃ ጥይት መድብ። ፈቃዱ ራሱ 198 ፓውንድ ስለሚያስከፍልና ከግድግዳ ጋር በብሎን የሚታሠር የብረት ቁም ሣጥንም ስለሚያስፈልግህ፣ ለሁለቱ ሌላ ገንዘብ ያዝ። ፈቃዱ እጅህ ሳይገባ ደግሞ ለማንም ቀብድ አትስጥ። ፈቃዱ ላይ የምትይዘው ጠመንጃ ካሊበር ተለይቶ ይጻፋል፤ ፖሊስ ያልጻፈልህን ሻጭ ሊያስረክብህ አይችልም።

ከያገለገሉት ውስጥ የፊንላንዱ ቲካ ቲ3 ቢገጥምህ አትለፈው። መዝጊያው እንደ ቅቤ ነው የሚንሸራተተው፣ ከሳጥኑ እንደወጣም አነጣጥሮ ይመታል። ዋጋው ግን ከሌሎቹ ይወደዳል። የጃፓኑ ሆዋ 1500 ከበድ ይላል እንጂ ጠንካራና የማያሳፍር ነው። የቼክ ሲዜድም እንዲሁ። በርሚንግሃም የተሠሩት አሮጌ ፓርከር ሄሎች ደግሞ ዛሬ ፈላጊያቸው ስለቀነሰ በጣም ረክሰዋል፤ በማውዘር 98 ሥርዓት የተሠሩ ናቸው፣ አያቶቻችን ከያዙት ቤልጅግ ጋር የአንድ ቤት ልጆች። ቱቦው ጤነኛ የሆነ ፓርከር ሄል ካገኘህ፣ እኔ በአንተ ቦታ ብሆን እሱን ገዝቼ የተረፈውን ብር መነጽሩ ላይ እጨምር ነበር። ሬሚንግተን 700 ከቀረበልህ የተሠራበትን ዘመን ጠይቅ። ከ2006 እስከ 2014 (እ.ኤ.አ.) የተሠሩት፣ ቃታቸው ሳይሳብ ሊተኩስ ይችላል ተብሎ በ2014 በፋብሪካው እንዲመለሱ ተጠርተዋል። ቃታው መቀየሩን የሚያሳይ ማረጋገጫ ከሌለው ተወው።

ሱቅ ስትገባ አትቸኩል። መጀመሪያ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ። ከዚያ መዝጊያውን አውጣና ከኋላ በኩል ቱቦውን ወደ ብርሃን ይዘህ ተመልከት። ጥምዝምዙ መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥርት ብሎ ሊታይህ ይገባል። ጥይት የሚጎርስበት ጫፍ አጠገብ ያለው ብረት የተሰነጣጠቀ ደረቅ ጭቃ ከመሰለ ብዙ ተተኩሶበታል ማለት ነው። ቀጥሎ ወደ አፈሙዙ ዙር። አረሩ ቱቦውን የሚሰናበትበት የመጨረሻው ከንፈር ነው፤ እዚያ ላይ ትንሽ ጉዳት ካለ አረሩ ወደ ጎን ይገፋል። ጥጥ ወስደህ ከውስጥ ወደ ውጭ በከንፈሩ ዙሪያ ቀስ ብለህ ጎትት፤ የጥጡ ጭረት አንድ ቦታ ላይ ተይዞ ከቀረ እዚያ ላይ ጉዳት አለ። ድምፅ ማፈኛ ተገጥሞለት ከሆነ ፍታውና የጥርሱን ብረት እይ። ሰው ከአደን ሲመለስ ማፈኛውን ሳይፈታ ስለሚያስቀምጥ እርጥበቱ እዚያው ታፍኖ ይቀራል፤ ውጪው የሚያብረቀርቅ ጠመንጃ አፈሙዙ በዝገት የተበላ የሚሆነው በዚህ ነው። በመጨረሻ ሻጩን አስፈቅደህ፣ መዝጊያውን መልሰህ፣ ባዶውን ጠመንጃ መጠበቂያ (እንዳይተኩስ የሚያግደው ቁልፍ) ላይ አድርገህ ቃታውን ጫን፣ ልቀቀው፣ ከዚያ መጠበቂያውን ክፈት። ሲከፈት ቃ ካለ ሳትከራከር መልስለት። ሰደፉ ላይ ያለ ጭረት አያሳስብህ፤ ዋጋ ለማስቀነስ ይረዳሃል።

መነጽሩ 6 ጊዜ የሚያቀርብ፣ የፊት መስታወቱ 42 ሚሊሜትር የሆነ ቋሚ ይሁን። አሮጌ የጀርመን ወይም የቼክ ሥራ ሆኖ በዚህ ልክ የተሠራ መነጽር ያገለገለ ገበያ ላይ አይጠፋም፤ ማጉያው እየተዟዟረ የሚቀያየረው ርካሽ መነጽር አጠገቡ አይደርስም። እንግሊዝ ውስጥ አጋዘን የሚመታው ፀሐይ ልትወጣ አንድ ሰዓት ሲቀራት ጀምሮ ከጠለቀች አንድ ሰዓት እስኪሞላት ድረስ ብቻ ነው፤ ዋናው ሥራህም በእነዚያ ድንግዝግዝ ሰዓቶች ይሆናል። ወንዱ ሮ ከኤፕሪል 1 እስከ ኦክቶበር 31፣ ሴቷ ከኖቬምበር 1 እስከ ማርች 31 እንደሚታደኑ እዚያ የሚያውቅህ ሁሉ ይነግርሃል፤ እኔም ደገምኩት፣ ምክንያቱም ወቅቷ ሳይደርስ የተመታች እናት ግልገሏ ጫካ ውስጥ በረሃብ ያልቃል።

ለሁለቱም እንስሳ አንድ ዓይነት ጥይት ምረጥና አትቀያይር። ለቀበሮ ተብለው የሚሸጡ 58 ግሬን የሚመዝኑ ፈጣን አረሮች አሉ። ቀበሮውን ወዲያው ይጥሉታል፤ የአጋዘን ትከሻ አጥንት ሲነኩ ግን ላይ ላዩን ተፈረካክሰው እንስሳውን ቆስሎ እንዲሄድ ያደርጉታል። ያንን አልፈቅድልህም። የእንግሊዝ መንግሥት በ2025 (እ.ኤ.አ.) በእርሳስ የተሠሩ የአደን ጥይቶችን ደረጃ በደረጃ እንደሚያስቀር ስላስታወቀ፣ ከጅምሩ 80 ግሬን ገደማ በሚመዝን የመዳብ አረር ብትለማመድ ኋላ ጠመንጃህን እንደገና ከማስተካከል ትድናለህ። ግን አንድ ፓኬት ገዝተህ መጀመሪያ ወረቀት ላይ ሞክር፤ እያንዳንዱ ቱቦ የሚወደው ጥይት አለው።

በ100 ሜትር ላይ ሦስት ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ እንዲመታ አስተካክለው፤ እስከ 170 ሜትር ድረስ ሳታሰላ መሐል ደረቱን ታገኛለህ። ከዚያ ርቀት በላይ ግን ቢያጓጓህም ተወው። ልምምዱን ጠረጴዛ ላይ ተደግፈህ ብቻ አትጨርስ፤ ተኝተህ፣ ተቀምጠህ፣ በሹካ ዱላ ላይ ደግፈህ፣ ሩጠህ ልብህ እየመታ ተኩስ። በእነዚህ ሁሉ አኳኋን መሐሉን ካላገኘህ ለአጋዘን አልደረስክም። እዚያ የሚሰጠውን ደረጃ አንድ የአጋዘን አደን ሥልጠና ውሰድ፤ ፖሊስም በበጎ ያየዋል፣ አንተም ሥጋውን አርዶ ማጽዳቱን ትማርበታለህ።

አንድ ነገር እባክህን አትርሳብኝ። የ.243 አረር ካልቆመ ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ከእንስሳው ጀርባ ለስላሳ አፈር ያለው ኮረብታ ካላየህ ጣትህን ቃታው ላይ አታሳርፍ። ኮረብታ አናት ላይ ሰማይ ጀርባው ሆኖ የቆመ ቀበሮ ምንም ቢያጠፋ አይተኮስበትም፤ ከማዶ በጎችህ፣ ጎረቤትህ፣ የጎረቤትህ ልጅ ይኖራሉ።

ጥያቄ፦ እኔ ፒያሳ ነው የምሠራው፤ ቤተሰቦቼ ግን ባሌ ውስጥ፣ ከደጋው አፋፍ ላይ ይኖራሉ። ቀበሮ ግልገል እየበላባቸው ስለሆነ ጠመንጃ በፈቃድ ይዘው ቢመቱት ይቻላል ወይ? ቀይ የሆነ ቀበሮ ነው ይሉኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ አይቻልም፤ ቤተሰቦችሽንም አደራ እንዳይሞክሩት ንገሪያቸው። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም ዓለም የለም። በሕይወት ያሉት 500 ገደማ ሲሆኑ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ተራሮች ላይ ናቸው። በሕግ የተጠበቀ ስለሆነ መግደሉ ያስከስሳል፤ ፈቃድ የሌለው ጠመንጃ መያዝ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ራሱን የቻለ ወንጀል ነው።

ደግሞስ ጥፋተኛው እሱ መሆኑን እጠራጠራለሁ። ቀይ ቀበሮ የሚያድነው በቀን ነው፤ ምግቡም ፍልፈልና አይጥ ነው። ሳነቴ ላይ ከአዳኞች ጋር ስናልፍ የፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ ጆሮውን አቁሞ ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ሲጠብቅ አይቼዋለሁ፤ ሃምሳ እርምጃ ርቀት ላይ በጎች ሲግጡ ዞር ብሎም አላያቸውም። ግልገሎቹ የሚጠፉት ሌሊት ከሆነ ወሳጁ ተራው ቀበሮ ወይም ጅብ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ በረቱን በወፍራም እሾህ አጥሮ ግልገሎቹን ሳይመሽ ማስገባትና፣ በወሊድ ወቅት ከመንጋው ጋር ሰው ማሳደር ነው።

ቤተሰቦችሽ ውሻ ካላቸው ያስከትቡት። ባሌ ላይ ቀይ ቀበሮን በብዛት የጨረሰው ከውሻ የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2003 የተነሣው ወረርሽኝ አንዱ ነበር። በሽታው ሰውንም፣ በግንም አይምርም። የወረዳው የእንስሳት ጤና ጽሕፈት ቤት ክትባት መቼ እንደሚሰጥ ይጠይቁ፤ ሰው የማይፈራ፣ የሚንገዳገድ ወይም ለሐጩ የሚዝረበረብ ቀበሮ ካዩ ደግሞ ሳይጠጉት ወዲያው እዚያው ወይም ለፓርኩ ጠባቂዎች ያሳውቁ።