ጓንዡ ዲም ሰም ቤት ለተጋበዝሽው እህቴ

እህቴ፣ "ለመጀመሪያ ጊዜ ዕቃ ላመጣ ቻይና፣ ጓንዡ ልሄድ ነው፣ አቅራቢዬ ትልቅ ዲም ሰም ቤት እሁድ ጠዋት ጋብዞኛል፣ አሳማ አልበላም፣ ምን ላድርግ?" ብለሽ ነበር። ሂጂ። ዲም ሰም ከሻይ ጋር በትንንሽ ሳህን የሚቀርብ የተለያየ ምግብ ነው። ግን አሳማ እንደማትበዪ ዛሬውኑ ጻፊለት። ምግቡ ጠረጴዛው ላይ ከተደረደረ በኋላ መናገር ይከብዳል፤ ጋባዥሽም ያፍራል፣ አንቺም ትሳቀቂያለሽ።

ይህን የምልሽ ደርሶብኝ ነው። በመጀመሪያ ጉዞዬ ከነጭ ፍጅል ተሠርቶ በመጥበሻ የተጠበሰ ነገር አቀረቡልኝ። ፍጅል ነው ስላሉኝ በላሁ። ሁለተኛውን ላነሳ ስል ውስጡ ቀያይ ቁርጥራጭ አየሁና ጠየቅኩ። የአሳማ ቋሊማ ነው። ቀኑን ሙሉ ሆዴም ልቤም ተረብሾ ዋለ። ማንም ሊያታልለኝ አልፈለገም፣ ለእነሱ ምግቡ ፍጅል ነው፣ ቋሊማው ማጣፈጫ ነው። ስለዚህ "ሥጋ አለው?" ብለሽ አትለፊው፤ "አሳማ አለው? የአሳማ ስብስ?" በዪ። ሲው ማይ የሚሉት በቢጫ ስስ ሊጥ የተጠቀለለው ውስጡ አሳማ ነው። ቻ ሲው ባው የሚሉት ነጭ ለስላሳ ዳቦ ውስጡ አሳማ ነው። ሃር ጋው የሚሉት በስስ ሊጥ የተጠቀለለው ውስጡ ሽሪምፕ ነው፣ ግን ብዙ ጊዜ የአሳማ ስብ ይጨመርበታል። በሎተስ ቅጠል የተጠቀለለው ሩዝም ቋሊማ ይገባበታል፣ የእንቁላል ታርቱ ሊጥ እንኳ በአሳማ ስብ ሊለወስ ይችላል። በቻይንኛ አሳማ "ዡ ሮው" ነው፤ ድምፁ ትንሽ ከተሳሳተ ግን አይገባቸውም፣ አስተርጓሚሽ ስልክሽ ላይ በቻይንኛ ይጻፍልሽ።

እኔ አሁን የማዘው ቾንግ ፈን ነው። ከሩዝ ዱቄት የሚሠራ ስስ ጥቅል ነው፣ ባዶውን በአኩሪ አተር ሶስ ያመጡልሻል፣ የበሬ ሥጋ ያለውም አለ። የተቀቀለ ጎመን አለ። ማንጎ ፑዲንግ አለ። የዶሮ እግርም እወዳለሁ፣ አብረውኝ የሄዱ ሐበሾች ግን አልነኩትም።

ዋናው ነገር ግን ሻዩ ነው። እዚያ ሰው "ዲም ሰም ልብላ" አይልም፣ "ያም ቻ" ነው የሚለው፣ ሻይ መጠጣት ማለት ነው። መጀመሪያ የሚመጣውን ሙቅ ውሃ ወይም ሻይ እንዳትጠጪው፤ ሲኒና መብያ እንጨቱ ይለቀለቅበትና ይደፋል። ከራስሽ በፊት ለሌላው ትቀጃለሽ። ሲቀዱልሽ በሁለት ጣት ጠረጴዛውን መታ መታ አድርጊ፣ ምስጋና ነው። አንድ ንጉሥ ማንነቱን ደብቆ ሲጓዝ ለአሽከሮቹ ሻይ ቀዳላቸው፣ እነሱም ተንበርክከው እንዳያጋልጡት ጣታቸውን አጥፈው ነኩ ይባላል። ማሰሮው ውስጥ ያለው ሻይ ካለቀ ክዳኑን ገለጥ አድርገሽ ተዪው፣ መጥተው ይሞሉታል።

አዳራሹ በጣም ሰፊ ነው፣ ይንጫጫል፣ እሁድ አያት ከነልጅ ልጁ ስለሚመጣ ወረፋም አለ። ድሮ ምግቡ በጋሪ ይዞር ነበር፣ አሁን በብዙዎቹ ወረቀት ላይ ምልክት ታደርጊያለሽ ወይም በስልክ ታዢያለሽ። ቶሎ ቶሎ አትብዪ፣ ሁለት ሰዓትም ሊቀመጡ ይችላሉ። እሱ ካላነሳው አንቺ የዋጋ ወሬ አትጀምሪ፤ እኔ ጥሩ ዋጋ ያገኘሁት ሁሌም ከሻዩ በኋላ፣ ሱቁ ስንመለስ ነው። ሒሳብ ሲመጣ "እኔ ልክፈል" ብለሽ ታገይ። አይፈቅድልሽም፣ ግን ደስ ይለዋል።

ጾም ላይ ከሆንሽ ንገሪኝ፣ የአትክልት ምግብ ብቻ የሚሠሩ ቤቶች ስላሉ ጋባዥሽ ወደዚያ እንዲቀይረው ምን ብለሽ እንደምትጽፊለት እነግርሻለሁ።