ደንባራ ፍየል የወለደቻቸውን ግልገሎች ስለማላመድ

እህቴ፣ እንኳን በሰላም ወለደችልሽ። እርጉዝ ሆና ከገበያ የገዛሻት ፍየል መንታ ወለደች፤ ግልገሎቹ 9 ቀናቸው ነው፤ እሷ ሰው ስታይ ትበረግጋለች፣ እነሱም ተከትለዋት ይሮጣሉ። «ለማዳ እንዲሆኑ ከእናታቸው ልነጥላቸው ወይ?» ነው ያልሽው። እባክሽ አትነጥያቸው። ጡቷን እየሰጠቻቸው ከሆነ ከእሷ የተሻለ የሚያሳድጋቸው የለም።

እኔም እንዲህ ዓይነት ፍየል ነበረችኝ። ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ፣ ከቤታችን ጀርባ ባለች ጠባብ ጉረኖ ነው የማረባው። ቀይ ነበረች። የበሩ ቆርቆሮ ሲንኳኳ እንኳ ግድግዳ ልትወጣ ትደርሳለች። በመጀመሪያ ወሊዷ የሠራሁት ስህተት እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ግልገሎቹን ቶሎ ላላምድ ብዬ በየቀኑ ጉረኖው ውስጥ እያሳደድኩ እይዛቸው ነበር። አቅፌ እደባብሳቸዋለሁ፣ ከዚያ እለቃቸዋለሁ። ልባቸው እጄ ላይ ድው ድው ሲል ይሰማኛል፣ ግን አልገባኝም። አንድ ቀን ሳባርራቸው እናትየዋ ደንግጣ ስትዘል የአንዱን እግር ረገጠችው። ደግነቱ አልተሰበረም። ግን ሁለት ሳምንት አነከሰ፤ እስኪሸጥ ድረስም እኔን ሲያይ ይሸሽ ነበር።

ግልገል ማንን መፍራት እንዳለበት የሚማረው ከእናቱ ነው። እሷ አንገቷን ቀና አድርጋ ጆሮዋን ስታቆም፣ እንደ ማስነጠስ አድርጋ በአፍንጫዋ ስትነፋ፣ እነሱ የመጣውን ነገር ሳያዩት ይፈረጥጣሉ። ስለዚህ ሥራሽን ከእሷ ጀምሪ።

በሁለተኛው ወሊድ ያደረግኩትን ልንገርሽ። ማታ 12 ሰዓት ገደማ፣ ከግጦሽ ስትመለስ፣ በርጩማ ይዤ ጉረኖው ውስጥ እገባለሁ። እንደ ቆምኩ አልቆይም፣ ወዲያው እቀመጣለሁ። የቆመ ሰው ለፍየል በጣም ግዙፍ ነው። ፊቴን ወደ እሷ አላዞርም፤ ትኩር ብሎ ማየት ያስፈራታል። አጠገቤ በቆርቆሮ ፍሩሽካ አስቀምጣለሁ፣ ትንሽ ጨው ነስነስ አድርጌበት። ሌላ ጊዜ ሰስፓኒያ የሚባለውን የመኖ ዛፍ ቅርንጫፍ አስሬ ከራሴ በላይ እሰቅላለሁ፤ ፍየል ከመሬት ከሚለቀም ሣር ይልቅ አንጋጣ የምትቀነጥበውን ቅጠል ትወዳለች። ግማሽ ሰዓት ተቀምጬ እወጣለሁ። በቃ።

3 ቀን ሙሉ እኔ ሳልወጣ አልቀመሰችም። በ4ኛው ቀን አንገቷን አስግጋ ጎረሰች። እጄን አላነሳሁም። እሷ መብላት ስትጀምር ግልገሎቹ ሳልጠራቸው መጡ። ግልገል ማየትና ማሽተት ይወዳል፤ የሚከለክለው የእናቱ ፍርሃት ብቻ ነው። ሴቷ ጉልበቴ ላይ ወጣች፣ ወንዱ የነጠላዬን ጥለት ማኘክ ጀመረ። (ነጠላሽን አውልቀሽ ግቢ። ፌስታልም ጉረኖው አካባቢ እንዳይኖር፤ ከዋጡት ሆዳቸው ውስጥ ይቀራል።)

ሲጠጉሽ ጭንቅላታቸውን አትንኪ። ከላይ የሚመጣ እጅ ለግልገል ጭልፊት ነው። እጅሽን ዝቅ አድርገሽ ከታች አምጪው፤ ደረታቸውንና አገጫቸው ሥር እከኪላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆሙልሻል። ወንዱን ግን ግንባሩን እየገፋሽ እንዳታጫውችው፣ አደራ። አሁን ያስቃል፤ ወጠጤ ሲሆን ግን ሕፃን ልጅ ይወጋል።

ሁለት ሳምንት አልፏቸው ቅጠል መቀንጠብ ሲጀምሩ፣ እናትየዋን ድምፃቸው በሚሰማት ርቀት ውጭ አስረሽ ከእነሱ ጋር ብቻሽን ትንሽ ተቀመጪ። ያኔ አይተው የሚደነግጡላት እናት አጠገባቸው የለችም። መጮህ ሳይጀምሩ መልሻት። ለእኔ ትልቁ ለውጥ የመጣው በዚህ ነው።

ሌላው የጫጫታ ነገር ነው። የሰፈር ልጆች «ግልገል እንይ» ብለው በአንዴ ይግተለተላሉ፣ ውሻው አለ፣ ባጃጁ አለ። ደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮላት እንደሚባለው ይሆናል። ለአንድ ወር ያህል የሚገባው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፣ ከተቻለ ያንኑ ልብስ ለብሶ። እርጋታ ያላት ሌላ ፍየል ካለሽ አብራት ትደር፤ የፍየል ፍርሃት እንደሚጋባ ሁሉ እርጋታዋም ይጋባል።

ለሚቀጥለው ወሊድ ደግሞ ቀድመሽ ጀምሪ። ፍየል 5 ወር ገደማ ነው የምታረግዘው፤ በመጨረሻው ወር በርጩማሽን ለምዳው ትቆይሽ። ስትወልድ ግን ራቅ በይ። ግልገሏን የምትለየው በጠረኑ ነው፤ ልሳ እስክትጨርስና እንገሩን ጠግበው እስኪጠቡ ድረስ ሳያስፈልግ አትንኪያቸው።

ለምን ይህን ያህል እንደምለፋ ልንገርሽ። ያቺ ጉልበቴ ላይ የወጣችው ግልገል በ2 ወሯ አስቀመጣት። ክረምት ነበር፣ የጣና ንፋስ እርጥበቱን ይዞ የሚገባበት ጊዜ። ከመንጋው ተነጥላ ራሷ ወደ እኔ መጣች። ያለ ግብግብ ይዤ የዓይኗን ውስጥ አየሁ፣ ጅራቷን አጠብኩ፣ ሐኪሙ ያዘዘላትን መድኃኒት አጠጣኋት። ያ የበፊቱ ወንድሟ ቢሆን ኖሮ መታመሙን የማውቀው ሲወድቅ ነበር።

እናትየዋ እስከ መጨረሻው እቅፍ የምትወድ ፍየል አልሆነችም። ፍሩሽካ ስትበላ አንገቷን ታስነካኝ ነበር፣ ለእኔ በቂዬ ነው። የአንቺም ከዚያ በላይ ባትሆን ቅር አይበልሽ።

ዛሬ ማታ ጀምሪው። በ4ኛው ቀን ምን እንዳደረገች ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።